ጥጥ በነሐሴ

ወረቀቱ ባዶው ሚስማር ሥር ነበር።

ሰርክአዲስ እጇን ወደ መደርደሪያው እንደዘረጋች ቀረች። አንድ ሰከንድ። ሁለት። ከዚያ እጇን ወደ ጎን አዙራ ከአጠገቡ ካለው የመደርደሪያ ቤት የሌላ ሾፌር ወረቀት መዘዘችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የልብ ምት አንገት ላይ ይታያል። ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገችው።

መተማ ዮሐንስ፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ኬላው ኔትወርክ የለም ተብሎ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ሱዳን ወዳለችው ጋላባት የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ከሐጂ ሽኩር የትራንዚት ቢሮ ፊት ለፊት ጭቃ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል።

የቢሮው ዋና ዕቃ መደርደሪያው ነው። ከድሮ የጥይት ሳጥን ጣውላ የተሠራ፣ አምስት ረድፍ በስምንት፣ አርባ ቤት። ከሾፌሮቹ ግማሾቹ አማርኛ አያነቡም፣ ግማሾቹ ዐረብኛ አያነቡም። ስለዚህ ሐጂ በየቤቱ አናት ላይ ሚስማር መትተው ዕቃ ሰቅለዋል። የማሽላ ራስ። የሰሊጥ ቆባ። የሽንኩርት ልጣጭ። የበሬ ቀንድ። ለማሽን መለዋወጫ ቡሎን። ለመንገደኛ የተበጠሰ ሸበጥ። ለጥጥ፣ ጥጥ። ሾፌር ሲመጣ ማንንም ሳያናግር ወረቀቱን በጫነው ዕቃ ቤት ይሰካና ወጥቶ ይጠብቃል። አራግፎ ባዶውን ለሚመለስ መኪናም ቤት አለ። ሚስማሩ ተመትቷል፣ ምንም አልተሰቀለበትም።

ሰርክአዲስ ወረቀቶቹን እያወጣች ቅጽ ትሞላለች። ሁለት ወሯ ነው። ስሟ ሰርክአዲስ አይደለም። በላካት የደኅንነት መሥሪያ ቤት መዝገብ «ወንፊት» ትባላለች፤ ከዚያ በፊት የነበራትን ስም እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቅ የለም።

ከአርባው ቤት ሁለቱ የእሷ ምልክቶች ነበሩ።

ጥጥ ማለት፦ ዕቃውን ይዣለሁ፣ መንገዱ ሰላም ነው።

ባዶ ማለት፦ ተነቅቶብኛል፣ ወረቀቱን አትንኪ።

በመስኮቱ በኩል ኒሙ ዛፍ ሥር ሙሐመድጣሂርን አየችው። ባለ ሽንኩርቱ ሾፌር፣ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ሻይ እየጠጣ። ትናንት ኬላው ሳይዘጋ ገብቶ መኪናው ውስጥ አድሯል። ሦስት ወር ሙሉ ከሽንኩርት ሌላ በድብቅ የተቀዳ ድምፅ ሲያመላልስ ነበር። ከድንበሩ ወደ ጎንደር የሚወጡ መንገደኞችን ለአጋቾች የሚጠቁሙ ሰዎች የእኛው ነው ብለው ጋቢናው ውስጥ እንደልባቸው ያወሩ ነበር። ስማቸውም ስልካቸውም ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ካርድ ገብቷል። ካርዷ በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ተለጥፋለች። ሰዎቹ ካወቁ ሙሐመድጣሂር የዛሬን ፀሐይ መግቢያ አያይም።

በዕቅዱ መሠረት ጥጥ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ካርዷን አውጥታ ወረቀቱን ማኅተም አስመትታ ትሸኘው ነበር። ገንዳ ውሃ ላይ አለቃዋ «መንሽ» ይቀበለዋል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ጎንደር ገብተው ይጠብቁታል።

ግን ባዶ ነው።

ከውጭ ያለውን ሁሉ በዓይኗ ለቀመች። ሰው ሳይጭን አንድ ሰዓት የቆመ ባጃጅ። ማንም የማይገዛው፣ እሱም የማይጣራ ለውዝ ሻጭ። በሩ አጠገብ ደግሞ ሐጂ ሽኩር፣ የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ እሷን እያዩ።

እሷን ነው የሚያዩት።

ጠዋት መብራት ጠፍቶ ኮፒ ቤት ጄኔሬተር እስኪነሣ ሩብ ሰዓት ቆይታ ነበር። ያን ሩብ ሰዓት ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሐጂ ብቻ ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በፊት በዙሪያዋ ባለ ሰው ሁሉ ላይ ቅጽ ሞልታለች። ቅጹ አራት ሳጥን አለው። ወዳጅ፣ ጠላት፣ ገለልተኛ፣ መጠቀሚያ። ለማብራሪያ የተተወ መስመር የለውም፣ እሷም አልፈለገችውም። ሐጂ ሽኩር፦ ስልሳ ሦስት ዓመት፣ ነጋዴ፣ ገዳሪፍ ዘመድ ያላቸው፣ ሁለት ስልክ የሚይዙ፣ ዐረብኛ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ። ሃያ ሰከንድ አልፈጀባትም። ጠላት። መምህር ትግሉ፣ የመልእክት አገናኟ፦ የጂኦግራፊ መምህር፣ ጎንደር የተማረ፣ እንደ እሷው ነገር ቶሎ የሚሰለቸው። ለሱ አሥር ሰከንድ በቃት። ወዳጅ። ፖስታውን አሽጋ ለመንሽ እንዲያደርስ የሰጠችውም ለሱ ነው።

ስልኳን አነሣች።

«መምህር፣ የእህቴ ልጅ ምዝገባ መቼ ነው?»

ትግሉ ትንፋሹን ሲውጥ ተሰማት። «ምን ገጠመሽ? ለመስከረም አልነበር?»

«ዛሬ ካልሆነ አይሆንም አሉ።»

«በይ ላኪው። ግቢ ውስጥ ነኝ።»

ዘጋች። የአደጋው ጊዜ ዕቅድ ይኸው ነው። ሾፌሩ መኪናውን ትቶ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፣ ትግሉ በሞተር ሳይክል በሽንፋ መንገድ ያወጣዋል።

ወደ በሩ ወጥታ ጮኸች። «አንተ ባለ ሽንኩርት! ኮፒ ጎድሎሃል። ከትምህርት ቤቱ ጎን አስነሥተህ ና!»

ሙሐመድጣሂር ብርጭቆውን አስቀመጠ። አያት። ዓይኑ ውስጥ ግራ መጋባት ነበር። ለምን? የሚል ዓይነት።

ፈርቶ ነው አለች በልቡናዋ። ፈርቶ ነው።

ተነሥቶ ጀላቢያውን ሰብስቦ ጭቃውን እየዘለለ ሄደ።

ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ሐጂ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ያን ሰው ለምን ላክሽው?»

«ኮፒ ጎድሎት ነው፣ ሐጂ።»

«ወረቀቱን መች ከፈትሽውና ነው መጉደሉን ያወቅሽ?»

እስክሪብቶዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከመሳቢያው ውስጥ መቀስ አለ። ክንድ ያህል ርቀት።

ሐጂ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። አልቸኮሉም። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነሐሴ ላይ ጥጥ የት አለ?»

ዓይኗ ወደ መሳቢያው ሄደ።

«ጥጥ የሚለቀመው ኅዳር ነው። ዛሬ ገና ከጉልበት አልበለጠም። ከሰኔ ጀምሮ ግን ይኸ ሾፌር ሽንኩርት ጭኖ ይመጣና አንዳንድ ቀን ወረቀቱን ጥጥ ቤት ይሰካል። ስምንት ቀን ያህል አይቻለሁ። ያን ቤት ለናንተ የመረጠላችሁ ሰው ደገኛ ነው። ባዶ ቤት መሸሸጊያ መሰለው። ባዶ ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት ብቻውን ሲቆም ከመንገድ ይታያል እኮ።»

ጥጡን የመረጠው ትግሉ ነበር። «ክረምቱን ማንም አይነካውም» ብሎ። ሁለቱም በብልጠታቸው ስቀው ነበር።

«ምን እንደሚሉ አልገባኝም» አለች።

«ይሁን፣ አይግባሽ። ጠዋት አንቺ ኮፒ ቤት ሳለሽ ሁለት ጎረምሶች መጡ። ጫማቸው ንጹሕ ነው፤ በዚህ ጭቃ! መኪናቸውን ድልድዩ ጋ አቁመዋል። የጥጥ ቤት የትኛው ነው አሉኝ። አሳየኋቸው። ምንም የለበትም። እንመለሳለን ብለው ሄዱ። እነሱ ከወጡ በኋላ ሾፌሩ መጣና ወረቀቱን እዚያው ጥጡ ቤት ሰካው። እኔ አነሣሁና ባዶው ሚስማር ሥር ከተትሁት። ባዶ መኪና ማን ይፈትሻል?»

ሐጂ ናቸው ያዘዋወሩት። ሾፌሩ ሰላም ነው ብሎ ነበር የሰካው። ግራ የተጋባው ለዚህ ነው።

አእምሮዋ ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው፦ ሽማግሌው እያጠመዱሽ ነው፣ ጠላት ብለሽ ሞልተሻቸዋል። ሁለተኛው ቁጥር ነበር። የጥጡን ነገር የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? መንሽ የመንገድ ምልክት ማወቅ አልፈለገም፤ የማላውቀውን አልናገርም ብሎ። እሷ ታውቃለች። ሾፌሩ ያውቃል፣ ራሱን አይሸጥም።

ሦስተኛው ትግሉ ነው።

ካርዷን ያመጣውን ሰው በገዛ እጇ ለትግሉ አስረክባዋለች።

«ለምን ይነግሩኛል?» አለች።

ሐጂ ሙስበሃውን ኪሳቸው ከተቱ። «ሚያዝያ ላይ የወንድሜን ልጅ ኢሕሳንን አጋቾች ከመኪና አወረዷት። አሥራ አንድ ቀን አቆዩዋት። ተመልሳለች፤ ግን እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ጓዳ ትገባለች። የዚያን ቀን የተሳፈረችበትን መኪና የሚያውቅ ሰው ከዚህ ከተማ ነው የደወለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀት የሚጠይቀኝን ሁሉ ፊቱን እይዛለሁ። አንቺንም ይዤሻለሁ። ሁለት ወር ደመወዝሽ ሲዘገይ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። ደመወዙን የማይጠይቅ ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው?»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

«ትምህርት ቤት ነው የላክሁት» አለች። «መምህሩ ጋ። ጥጡን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ሐጂ ከወንበሩ ብድግ አሉ። «ጎረምሶቹ ድልድዩ ጋ ናቸው። ከድልድይ እስከ ትምህርት ቤት በመኪና አምስት ደቂቃ ነው።» መስኮቱን አዩ፣ የመኪናውን ሰልፍ አዩ። «መንገዱን እኔ እዘጋላቸዋለሁ። ሰውየውን በትምህርት ቤቱ ጀርባ በማሽላው አውጪው። አዛናው ወንዙ ዳር ትራክተሩን እያስነሣ ነው፣ አራሚዎች ይጭናል። እኔ ነኝ ያልሁ በይው።»

ወደ መደርደሪያው ዞረች። ካርዷን ይዛ ብትያዝ ሁሉም ያበቃል። እዚሁ ብትተዋት ከሚጠረጠሩት ሰው እጅ ትተዋታለች። ይህን ለመወሰን ሃያ ሰከንድ አልነበራትም።

ተወቻት።

እየሮጠች ወጣች። ከጀርባዋ የሐጂ ድምፅ መንገዱን ሞላው፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዐረብኛ።

«ኬላው ተከፍቷል! ኬላው ተከፍቷል! ያላ፣ ያላ!»

አንድ ቀን ሙሉ የቆመ ሾፌር ይህን ሲሰማ አያጣራም። አርባ ሞተር አንድ ላይ ተነሣ። ሁሉም ቀዳሚ ሊሆን ከሰልፉ ወጣ። ሲኖትራኩ ከአይሱዙው ተፋጠጠ፣ ተሳቢው ተጠማዘዘ፣ ጎማ ዋልካውን እየማሰ ሰጠመ። ጥሩምባና ስድብ። ከድልድዩ በኩል የመጣ ነጭ ፒክአፕ መሐላቸው ገብቶ እንደ ቡሽ ተወተፈ።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል። ግቢው ውስጥ ሣሩ ወገብ ደርሷል። የትግሉ ሞተር ሳይክል ስምንተኛ «ለ» በር ፊት ቆሟል፣ ቁልፉ እላዩ ላይ። ነቀለችው። ሣሩ ውስጥ ወረወረችው። ትንፋሿን ሰብስባ ገባች።

ሙሐመድጣሂር የተማሪ ዴስክ ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል። ትግሉ ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፎ ስልኩን ያያል።

«ወንፊት» አለ። በሰው ፊት። «አንቺ እዚህ መምጣት ዕቅዱ ውስጥ የለም።»

«ማኅተም ጎድሎበት ነው። ሐጂ ይፈልጉታል።»

«ሐጂ?» ሣቀ። «አንቺ ራስሽ ጠላት ብለሽ የሞላሽውን ሽማግሌ ዛሬ ልትታዘዥው ነው?»

ፖስታውን አሽጋ ነበር የሰጠችው።

«የሰው ፖስታ ትከፍታለህ እንዴ፣ መምህር?»

«የሁላችሁንም አነባለሁ። የመምህር ሥራው ማረም አይደል?» ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። «ካርዷን ስጪኝ። የኔም ድምፅ አለባት። አንቺ ምንም አታውቂም፣ ማንም አይነካሽም። ወዳጅ ብለሽ ሞልተሽኛል አይደል? ወዳጅ ሆነን እንቅር።»

«እሱስ?»

«እሱ ሾፌር ነው።» ይህን ሲል ሙሐመድጣሂርን አላየውም። ስለ ወንበሩ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ነገ ሌላ ሾፌር ይመጣል።»

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። «የት ናችሁ?» ከስልኩ የወጣው ጥሩምባ ብቻ ነው። «ምን ማለት ነው ተዘጋ? ውረዱና በእግራችሁ ኑ!»

በእግር ሰባት ደቂቃ። ምናልባት ስምንት።

ትግሉ ሦስት ዓመት እዚህ ኖሯል። ጭቃው ይሰለቸዋል፣ ሙቀቱ ይሰለቸዋል፣ ዐረብኛውም ይሰለቸዋል። አንድ ቃል አልተማረም። እሷ በሁለት ወር ከሾፌሮቹ ጥቂት ለቃቅማለች።

ፊቷን ሳታዞር፣ ለትግሉ እንደምትመልስ ሆና፣ «ሹባክ» አለች። መስኮት።

ትግሉ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ምን አልሽ?»

«አጅሪ!» ሩጥ።

ሙሐመድጣሂር ዴስኩን ገልብጦ በመስኮቱ ዘለለ። የትግሉ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ። ዳስተሩን አንሥታ ፊቱ ላይ ወረወረችው፤ ከጠመኔ ብናኙ ጋር ዓይኑ ላይ አረፈ። እሷም በመስኮቱ ተከተለች።

ተኩስ።

ከጭንቅላቷ በላይ የማሽላ ቅጠል ተቆርጦ ወደቀ።

ሁለተኛ ተኩስ። የራቀ።

ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ጎንበስ ብላ ሮጠች። ከፊቷ ነጭ ጀላቢያ ብቻ ይታያል። «አውልቀው!» አለችው። እየሮጠ አወለቀው። ከኋላቸው ሞተር ሳይክል ለማስነሣት የሚራገም ድምፅ ሰማች፤ ቁልፉን ሣሩ ውስጥ እየፈለገ ነው።

ወንዙ ዳር ትራክተሩ ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል። ተሳቢው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ አራሚዎች ተጨናንቀዋል፤ ከጎጃም፣ ከወሎ የመጡ፣ ላስቲክ የለበሱ። አዛናው መሪው ላይ ሆኖ ቁልቁል አያት።

«ሐጂ ናቸው ያሉ» አለች። «ይኸን ሰው ገንዳ ውሃ አድርሰው።»

አዛናው በካናቴራ የቀረውን፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነውን ሰው አየ። ምንም አልጠየቀም። ላስቲክና መኮትኮቻ ወረወረለት። «ውጣ። ከጠየቁህ ለአረም የወረድሁ ነኝ በል። አይ፣ ተወው፣ ጭራሽ አታውራ። አራሚን ማን ያናግራል?»

ሙሐመድጣሂር ወጥቶ በሰው መሐል ተቀመጠ። በአንድ አፍታ ከሠላሳዎቹ ለየት የሚልበት ነገር ጠፋ። እሷ እንኳ አውቃ ስትፈልገው አጣችው።

ወደ ቢሮው የተመለሰችው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። መንገዱ አሁንም አልተፈታም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሐጂ የሉም።

መደርደሪያው ተዘርፏል። የማሽላው ቤት፣ የሰሊጡ፣ የቡሎኑ፣ የሸበጡ፣ ሁሉም ተገልብጦ ወረቀቱ መሬት ላይ ተረግጧል። ጥጡን ከነሚስማሩ ነቅለውታል። ባዶው ሚስማር ሥር ያለው ወረቀት ግን እንደነበረ ቆሟል። ምንም ያልተሰቀለበትን ቤት ማንም አልቆጠረውም።

እጥፋቱን በጥፍሯ ዳሰሰች። ካርዷ አለች።

ከጎን ያለው ሱቅ ባለቤት ረፊቃ አፏን በሻሿ ይዛ በር ላይ ቆማለች። «ወሰዷቸው እኮ፣ እህቴ። አራት ሆነው። በሽማግሌ እጅ ላይ ሰንሰለት! መንገዱን ሆነ ብለህ ነው የዘጋኸው አሏቸው። ሌላም ነገር አሏቸው፤ አልገባኝም።»

«ጎረምሶች ናቸው? ንጹሕ ጫማ?»

«ኧረ አይደሉም። እነዚያ መደርደሪያውን በትነው ከሄዱ በኋላ የመጡ፣ መታወቂያ ያሳዩ ናቸው። የመንግሥት።»

ስልኳ ጠራ። መንሽ ነው።

«ዕቃው?»

«እጄ ላይ ነው።»

«ሰውየው?»

«መንገድ ላይ። በትራክተር። አራሚ ነው።»

«ግሩም። አገናኙስ?»

«ከሃዲው እሱ ነው። ሞተር ሳይክሉን እየፈለገ ይሆናል።»

«ይያዛል። በነገራችን ላይ ያን ነጋዴ አስገብተነዋል። ሰልፉን ሲያተራምስ ሰዎቻችን አዩት። ያንቺም ቅጽ ነበረ። ጥሩ ሠርተሻል።»

ስልኩን ዘጋ።

እሷ ወረቀቶቹን ከመሬት እየለቀመች ወደየቤታቸው መመለስ ጀመረች። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ሰሊጡን ወደ ሰሊጥ፣ ሽንኩርቱን ወደ ሽንኩርት። ግማሽ ላይ አቆመች።

ትግሉ በሦስተኛው ቀን በሳንጃ መንገድ የሴት ነጠላ ለብሶ ሲያልፍ ተያዘ። ካርዷ ውስጥ ድምፁ አራት ቦታ ላይ ነበር። ሙሐመድጣሂር ጎንደር ከቤተሰቡ ጋር አደረ። በሪፖርቱ ላይ «ተፈጽሟል» የሚል ማኅተም ተመታ።

ሐጂ ሽኩር አልተፈቱም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጎንደር መንሽ ቢሮ ሄደች። እውነተኛ ስሙ ምንይችል ነው፤ ከጠረጴዛው በስተጀርባ ሲታይ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ይመስላል።

«ሰውየው ባይኖሩ ኖሮ ሾፌሩም ካርዷም አልነበሩም» አለች። «ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይለቋቸውም?»

ምንይችል መሳቢያውን ከፍቶ ቅጹን አወጣ። የእሷ የእጅ ጽሑፍ። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ያለችው ምልክት ደመቅ ብላ ተጭናለች፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው ምልክት። «የት ላስገባው? ወዳጅ ነው ልበል? የኛ ሰው አይደለም። ገለልተኛ? መንገድ ዘግቷል። መጠቀሚያ? ማን ተጠቀመበት? አራት ሳጥን ነው ያለው፣ ወንፊት።»

«አምስተኛ ይጨምሩ።»

«እኔ ቅጽ አላወጣም።» ድካም ነበረበት፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደዳት። «ቅጹን ማንሣት የሚችለው የሞላው ሰው ነው። የተሳሳተ መረጃ አቅርቤአለሁ ብለሽ ከፈረምሽ ይነሣል። ግን ያን የሚፈርም ሠራተኛ ዳግም መስክ አይወጣም። በአንቺም ላይ ቅጽ ይሞላል፤ እንደምታውቂው።»

«ስንት ሳጥን አለው?»

«ያኛው አንድ ብቻ ነው።»

እስክሪብቶ እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች።

«ትንሽ አስቢበት። ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነው።»

«ስሞላው አላሰብሁም» አለች። «እስክሪብቶውን ይስጡኝ።»

ኅዳር መጨረሻ ላይ የመተማ ሜዳ ነጭ ሆኖ ነበር። ከሽንፋ በኩል የሚመጡት መኪኖች ጥጥ ተሸክመው፣ ጥጥ እያንጠባጠቡ፣ መንገዱን ዳርና ዳር ነጭ አድርገውታል። ከጎንደር ከመጣ አውቶቡስ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ወረደች። ሳንጃ ውስጥ የከብት ክትባት መዝገብ ትይዛለች። በየቀኑ ካርድ በፊደል ተራ ትደረድራለች። ማንም ሁለት ጊዜ አያያትም።

ወደ ጎንደር ለሚሄዱ መንገደኞች የወንበር ወረቀት የሚሰጡት ራሳቸው ሐጂ ሽኩር ናቸው። ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ሐጂ የሚሠሩት በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው፤ ግራው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል፣ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። ሃያ ሦስት ቀን ታስረው እንደነበር ያውቃል ከተማው። ለምን እንደተፈቱ የሚያውቅ የለም።

ተራዋ ደረሰ።

«ስም?»

ሰጠች። የእሷ አልነበረም፤ የሰርክአዲስም አልነበረም።

ሐጂ ቀና አሉ። አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ነጋዴ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ተመላሽ ነሽ? ከሱዳን?»

«አይደለሁም።»

«ሠራተኛ?»

«ነበርሁ።»

«ሸቀጥስ ይዘሻል?»

«ምንም አልያዝሁም፣ ሐጂ።» ዓይኗ ጭናቸው ላይ ካለው እጅ አልተነሣም። «እጅዎ...»

«እጄ እጄ ነው» አሉ ቆረጥ አድርገው። ወረቀቱን አጥፈው ተነሡ። ወደ መደርደሪያው ሄደው ቆሙ። በሸበጡ ቤት በኩል አለፉ። በባዶው ሚስማር በኩል አለፉ።

ሦስተኛው ረድፍ ጋ ደርሰው ጥጥ ቤት ውስጥ ሰኩት። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሃምሳ ወረቀት ይኖርበታል። የእሷ መሐላቸው ገብቶ ጠፋ፤ ከመንገድ የሚያየው የለም።

«ሐጂ፣ ተሳሳቱ» አለች አዲሷ ጸሐፊ። «እሷ መንገደኛ አይደለች?»

«ኅዳር ነው፣ ልጄ» አሉ ሐጂ። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «ቀጣይ!»

ከኋላዋ የነበረው ሰው በክርኑ ገፋ አደረጋት። ሻሿን ወደ ፊት ሳበች፤ ከሰልፉ ወጥታ፣ ጥጥ ከሚያራግፉት ሰዎች መሐል አልፋ፣ ወደ ጎንደሩ መኪና ሄደች።